ቀጭ ነው ወይስ ጓ?

አዲስ አበባ ውስጥ «መኪናዬ ድምፅ አመጣች» ብለህ ሰው መሀል አትናገር። ራሴን አመመኝ ያለ ሰው ዳማከሴ አሽቶ የሚሰጠው አያጣም፤ መኪናዬ ድምፅ አመጣች ያለ ደግሞ አፉን ሳይዘጋ ፍርዱ ይደርሰዋል። የቢሮ ባልደረባህ «ኩሽኔታ ነው» ይልሃል። መኪና አጣቢው ልጅ ጎማውን በእግሩ ጠለዝ አድርጎ «ቴስቲና ነው፣ ጨርሷል» ይላል። የፓርኪንግ ሠራተኛው ደረሰኙን እየቆረጠ «ሾክ» ብሎ ይዘጋዋል። ዘመድህ ደግሞ በስልክ፣ ያውም ከሐዋሳ ሆኖ፣ መኪናዋን በዓይኑ ሳያያት፣ «ካምቢዮ እንዳይሆን ብቻ» ብሎ እንቅልፍ ይነሳሃል።

እነዚህን ፍርዶች ሳዳምጥ ኖሬ አንድ ነገር ገብቶኛል። ማንም ሰው ያንተን መኪና አይመረምርም፤ የሚመረምረው የራሱን ነው። «ኩሽኔታ ነው» ያለህ ሰው በቅርቡ ኩሽኔታ አስቀይሯል። «ሾክ» ያለህ የሾክ ገንዘብ ከኪሱ ከወጣ ገና ቁስሉ አልደረቀም። የሐዋሳው ዘመድህ ካምቢዮ አስወርዶ ገንዘቡንም ሰላሙንም ያጣ ሰው ነው፤ ሐዘኑን የሚያካፍለው ሲፈልግ አንተ ደወልክለት። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ ሲሉ ሰምቶ ዕቃ የገዛ ባለመኪናም በከተማችን ጥቂት አይደለም።

ከድምፅ ሁሉ የሚያስቸግረው ሲታጠፉ ብቻ የሚመጣው ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መኪና ሁሉ ጨዋ ነው። ከቦሌ እስከ መስቀል አደባባይ ትንፍሽ ሳትል የመጣች ቪትዝ መሪዋ ጠምዘዝ ሲደረግ «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» ትላለች። መሪው ሲመለስ ዝም። አጠገብህ ሰው ካለ ሁለታችሁም የሰማችሁትን እንዳልሰማችሁ ትሆናላችሁ፤ እሱ በይሉኝታ፣ አንተ በተስፋ።

ለዚህ ድምፅ የሚሰጠው የመጀመሪያ ሕክምና ሬዲዮ ከፍ ማድረግ ነው። ርካሽ ነው፣ ወረፋ የለውም፣ ውጤቱም ወዲያው ይታያል። ሁለተኛው ሕክምና መንገድ መምረጥ ነው። መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የሚጮህበት አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ቤቱ የሚገባው በግራ መታጠፊያዎች ብቻ ነው። ጎረቤቶቹ ሰፈሩን የሚዞረው ቦታ ሊገዛ አስቦ ይመስላቸዋል። ሦስተኛው ሕክምና ጆሮን ማስለመድ ነው። ባለቤት ከመኪናው ድምፅ ጋር ውሎ ሲያድር አይሰማውም፤ የሚሰማት ከክፍለ ሀገር የመጣች እናት ናት። «ልጄ፣ ይቺ መኪና ምን ሆና ነው የምታቃስተው?» ትላለች፣ ገና የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ። ልጅየው «ምንም አይደል እማዬ፣ መንገዱ ነው» ይላል። መንገዳችን ያልተሸከመው ኃጢአት የለም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና ወደ ነገሩ እንግባ። ለምንድነው መታጠፊያ ላይ የምትጮኸው? መልሱን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ሚኒባስ መሳፈር ይበቃል። ታክሲው አደባባይ ሲዞር የምንሆነውን አስበው። የምንነዳው በቀኝ ስለሆነ አደባባዩን የምንዞረው ወደ ግራ እየታጠፍን ነው። ሰውነታችን ግን ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል፤ ስለዚህ ተያይዘን ወደ ቀኝ፣ ወደ በሩ እናጋድላለን። በሩ ጋ የቆመው ረዳት የሁላችንንም ሸክም ይቀበላል። ቀኑን ሙሉ «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ» ሲል የዋለው ልመና በዚያች ቅጽበት ይሰማለታል።

መኪናዋም እንዲሁ ናት። ወደ ግራ ስትታጠፍ ክብደቷ ወደ ቀኝ ጎማዎቿ ይሄዳል፤ ፍጥነቱና ጥምዘዛው በበረታ ቁጥር የውጭዎቹ ጎማዎች ይከብዳቸዋል፣ የውስጦቹ ይቀላቸዋል። ቀጥ ባለው መንገድ የራሱን ድርሻ ብቻ ተሸክሞ ሕመሙን ችሎ የኖረ ኩሽኔታ የጎረቤቱ ጭነት ሲጨመርበት ያቃስታል። በዚያ ላይ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ይህን ልዩነት የሚያስታርቀው ዲፈረንሻል ነው፤ በሆዱ ያሉት ትንንሽ ጥርሶች ቀጥ ባለ መንገድ ላይ አርፈው ይሄዱና መታጠፊያ ሲመጣ እርስ በርስ መዞር ይጀምራሉ። ከፊት ሾክ አናት ላይ ያለው ኩሽኔታም የሚዞረው መሪ ሲዞር ብቻ ነው። በአጭሩ መታጠፊያ ማለት ሥራ ፈት ሆነው የቆዩ ዕቃዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ለሥራ የሚጠሩበት ቦታ ነው። ጤነኞቹ ዝም ብለው ይነሳሉ። የታመመው ነው «እህህ» የሚለው።

እንግዲህ ጥሩ መካኒክ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የማውቀው አንድ ጋራዥ አለ፤ የቆርቆሮ አጥር፣ ዘይት የጠጣ መሬት፣ ከአጥሩ ሥር ሞተሩ ወልቆ ባለቤቷን የምትጠብቅ አንዲት አሮጌ መኪና። መካኒኩን ሁሉም «አለቃ» ነው የሚለው። መፋቂያ ከአፉ አይጠፋም። መኪና ሲመጣለት መጀመሪያ ሬዲዮኑን ይዘጋል፣ ቀጥሎ ከኋላ የተጫነውን ዕቃ በሙሉ ያስወርዳል። ከዚያ ጥያቄ ይጀምራል። «ምን ዕቃ ልቀይር?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም።

አንድ ቀን አንድ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰው መጡ። በመሥሪያ ቤታቸው ሰው ደጅ የሚጠናቸው ትልቅ ባለሥልጣን መሆናቸው ከአረማመዳቸው ያስታውቃል።

«ምን ትላለች ጋሼ?» አለ አለቃ።

«ቀጭ ትላለች።»

«ቀጭ ነው ወይስ ጓ?»

ጋሼ አሰቡ። «ቀጭ ነው። ግን ወፈር ያለ ቀጭ።»

«አንዴ ብላ ነው የምትተወው?»

«ኧረ በተከታታይ ነው! ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ…»

«ነዳጅ ሲሰጧት ይፈጥናል?»

«ይፈጥናል። ቀጭቀጭቀጭቀጭ!»

«ወዴት ሲታጠፉ?»

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሁለት እጃቸው የሌለ መሪ ጨበጡ፤ ከወገባቸው ዘንበል ብለው ወደ ግራ ጠመዘዙና «ቀጭ ቀጭ» አሉ፤ ወደ ቀኝ ጠመዘዙና ዝም አሉ። ክራቫታቸው ትከሻቸው ላይ ወጥቷል። ጎማ የሚያጥበው ልጅ ሥራውን አቁሞ ያያቸዋል። አለቃ ግን ፊቱ ላይ ምንም የሳቅ ምልክት የለም፤ ሐኪም የበሽተኛውን ሳል ሰምቶ አይስቅም።

«እስቲ ይንዱኝ» አለ።

ነዱት። ሰፈሩን ዞሩ፣ ወደ ግራ ታጠፉ፣ እንደገና ታጠፉ። መኪናዋ ጭጭ። ጋሼ ላብ አላባቸው። «እግዜር ያሳይህ፣ ጠዋት ስትጮህ ነው የመጣችው!» አሉ፤ ድምፃቸው የተከሳሽ ሆነ። ይህች ቅጽበት የደረሰችበት ሁሉ ያውቃታል። ለሳምንታት ያሳፈረችህ መኪና መካኒክ ፊት ስትቀርብ ጨዋ ትሆናለች፤ ዋሾው አንተ ትሆናለህ።

ነገሩ ተአምር የለውም። ባለመኪና መካኒክ አጠገቡ ሲቀመጥ አነዳዱ ያምራል። ለመንጃ ፈቃድ የሚፈተን ይመስል ቀስ ብሎ፣ መሪውን በግማሽ ጠምዝዞ፣ ነዳጅ ሳይሰጥ ይታጠፋል። ድምፁ የሚመጣው ደግሞ መሪው እስከ ጥግ ተጠምዝዞ ነዳጅ ሲሰጥ ነው። አለቃ መሪውን ተቀበላቸው፤ አንድ ባዶ ቦታ ላይ እስከ ጥግ ጠመዘዘና ነዳጅ ረገጠ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ! ጋሼ «ይኸው! ይኸው!» ብለው በደስታ ተጣሩ። ገንዘብ ሊያስወጣው ባለ ድምፅ እንዲህ የተደሰተ ሰው አይቼ አላውቅም።

የጋሼ ቀጭታ የሲቪ ጆይንት ነበር። ከፊት የምትጎተት መኪና ላይ ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ ጎማውን ማዞር አለበት፤ ጎማው ግን ወደ ግራና ወደ ቀኝም ይጠመዘዛል። ሁለቱን የሚያስማማው መጋጠሚያ በውስጡ ስድስት የብረት ኳሶች አሉት። መሪው በተጠመዘዘ መጠን ኳሶቹ በየቦያቸው ወዲህና ወዲያ እየተመላለሱ ኃይሉን ሳያቋርጡ ያሳልፋሉ። ይህን ባለኳስ መጋጠሚያ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያፈለቀው አልፍሬድ ዜፓ የሚባል የፎርድ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣችው የእንግሊዟ ሚኒ ሞተሯን በአግድሞሽ አስቀምጣ፣ በዚሁ ዓይነት መጋጠሚያ የፊት ጎማዎቿን እየነዳች፣ የትንንሽ መኪኖችን መንገድ ጠረገች። ዛሬ ከተማችንን የሞሉት ትንንሽ የጃፓን መኪኖች በዚያው መንገድ የመጡ ናቸው።

መጋጠሚያው ጠንካራ ነው፤ ጠላቱ አቧራ ነው። ከአቧራ የሚጠብቀው እጥፍጥፍ ያለ የጎማ ሽፋን ነው፤ በውስጡ ግራሶ አለ። አለቃ መሪውን እስከ ጥግ ካስጠመዘዘ በኋላ ከጎማው ጀርባ ቁጢጥ አለ። ሽፋኑ ከእጥፋቶቹ በአንዱ ላይ ተሰንጥቋል። ግራሶው እየተፈናጠረ የቸርኬውን የውስጥ ገጽና አጠገቡ ያለውን ብረት ሁሉ በጥቁር ቀለበት ቀብቶታል። አለቃ ከዚያ በጣቱ ቆንጠር አድርጎ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል አሸት አሸት አደረገውና ለጋሼ ዘረጋላቸው። ጋሼም አሹት። ይቆረቁራል። የቀለበት መንገዱ አቧራ፣ የሰፈራቸው ኮረኮንች፣ የክረምቱ ጭቃ፣ ሁሉም እዚያች ጥቁር ቅባት ውስጥ ነበሩ።

«ሽፋኑ እንደተቀደደ ቢያመጧት ኖሮ በሽፋንና በግራሶ ትድን ነበር» አለ አለቃ። «አሁን ኳሱ መንገዱን በልቶታል። ሽፋን ብቻ ብቀይርልዎ ያምርባታል እንጂ ዝም አትልም።»

እዚህ ላይ የቆየ የላዳ ታክሲ ነጂ ቢኖር ኖሮ በኩራት ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር። ሰማያዊና ነጭዋ ላዳ ከፊያት 124 የተወለደች፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ቶሊያቲ ከተማ ከተገነባው ፋብሪካ የወጣች ናት፤ የምትገፋው በኋላ ጎማዎቿ ነው። የፊት ጎማዎቿ ይዞራሉ፣ ይጠመዘዛሉ እንጂ ኃይል የሚያመጣላቸው ዘንግ የለም። ስለዚህ የላዳ ባለቤት ቀጭታ ሰምቶ ሲቪ ጆይንት ሊገዛ ቢወጣ የሚሸጥለት ነጋዴ ቢያገኝም የሚገባበት ቦታ አያገኝለትም። የሱ ሐሳብ ወደ ቴስቲናው፣ ወደ ፊት ኩሽኔታው ወይም ከኋላ ወዳለው ዲፈረንሻል መሄድ አለበት። ድምፁ አንድ፣ በሽታው ሌላ። የባልደረባህ ፍርድ የማይሠራልህ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ እሱ የሚነዳውና አንተ የምትነዳው በአንድ እግር አይሄዱም።

ድምፅ በማስመሰል ጋሼን የሚያህል ባይገኝም በመግለጽ ግን የበለጠቻቸው አንዲት ሴት ናት። ዳቦ ቤት አላት፤ ጠዋት ጠዋት በመኪናዋ ታከፋፍላለች። አለቃ «ምን ትላለች እህቴ?» ሲላት እጇን አላወናጨፈችም፣ አፏንም አላጣመመችም።

«ከሩቅ የሚሰማ ወፍጮ ቤት ናት» አለች። «ስፈጥን ይፈጥናል፤ ማርሽ ባወጣም አይቆምም። አደባባይ ስዞር ወፍጮው ይቀርበኛል፤ ወደ ቀኝ ስታጠፍ ይርቃል።»

አለቃ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። ይህን የሚያደርገው ሲከበር ወይም ሲያከብር ነው። ሴትዮዋ በሦስት ዓረፍተ ነገር ምርመራውን ጨርሳለታለች። ማርሽ አውጥታ መኪናዋ በራሷ ስትንከባለል ድምፁ ካልቆመ ሞተሩ ነፃ ነው። ከፍጥነቱ ጋር የሚጨምር ከሆነ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር ነገር ነው። ወደ ግራ ስትታጠፍ የሚብስ ከሆነ ደግሞ ጭነቱ የሚሄደው ወደ ቀኝ ነውና፣ ብዙውን ጊዜ ተጠርጣሪው የቀኙ ኩሽኔታ ነው። እኩል ያልተበላ ጎማም እንዲህ ሊያጉረመርም ይችላል ትል ይሆናል፤ ትክክል ነህ፣ ወጣ ገባ ሆኖ ያለቀ ጎማ ድምፁ ከኩሽኔታ ጋር ያሳስታል። እሱን ለመለየት የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ አዛውሮ መንዳት ነው፤ ድምፁ አብሮት ወደ ኋላ ከሄደ ጎማው ራሱን አጋለጠ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና አለቃ በሴትዮዋ ቃል ብቻ አልፈረደም። መኪናዋን በክሪክ አነሳ። ግራ እጁን በፊተኛው ሞላ ላይ አሳረፈ፣ በቀኝ እጁ ጎማውን አሽከረከረ። ጆሮውን አልተጠቀመም፤ ዓይኑም ሌላ ቦታ ነበር። ግራው ጎማ ጋ ሞላው ዝም አለ። ቀኙ ጋ ሲደርስ «ነይ እስቲ እህቴ፣ እጅሽን እዚህ አድርጊ» አላት። ሴትዮዋ እጇን አሳረፈች፣ እሱ አሽከረከረ። ፊቷ ተለወጠ። ብረቱ በመዳፏ ሥር ይንቀጠቀጣል፤ አሸዋ የሚፈጭበት ይመስላል። ዕቃው ገና አልተፈታም፣ ገንዘብ ገና አልወጣም፣ በሽታው ግን በእጇ ተይዟል።

ሁሉም ድምፅ እንዲህ ውድ አይደለም። ኮረኮንች ላይ ውላ የመጣች መኪና ስትታጠፍ «ፍጭጭጭ» የሚል ጆሮ የሚበሳ ድምፅ ብታወጣ ብዙ ጊዜ ጠጠር ነው፤ በፍሬኑ ዲስክና ከጀርባው ባለው ስስ ቆርቆሮ መሀል ገብቶ ይሆናል። ቆርቆሮው ራሱ ተጣሞ ዲስኩን ነክቶ ከሆነም አንድ ካቻቪቴ ሸርተት አድርጎ ያስታርቃቸዋል። መንገዱን ፈርተው ከፍ ያለ ወይም ሰፊ ጎማ ያስገቡ ሰዎች ደግሞ መሪው ጥግ ሲደርስ ጎማው የፓራፋንጎውን የውስጥ ፕላስቲክ ይልሰዋል። መሪ እስከ መጨረሻ ጠምዝዞ ይዞ መቆየት የሚወዱም አሉ፤ በዘይት የሚሠራ ፓወር ስቲሪንግ ያላት መኪና እንዲህ ስትያዝ «እንንን» ብላ ታማርራለች። መድኃኒቱ መሪውን ትንሽ መመለስ ብቻ ነው። ለዚህም ፓምፕ የገዛ ሰው አለ።

ከኋላ የተጫነው ሁሉ ይውረድ የሚለው የአለቃ ሕግም ምክንያት አለው። ስትታጠፍ ከኋላ «ዱብ» የምትል መኪና ይዞ የመጣ ሰው ሾክ እንዲቀየርለት ሲከራከር ከኋላው ያልታሰረ ክሪክ፣ ግማሽ ውሃ ያለበት ጀሪካንና ከጀሪካኑ ያመለጠ ሽንኩርት ወጥቶለታል። በፋሲካ ዋዜማ የመጣ አንድ ወጣትም ነበር። «ወደ ቀኝ ስታጠፍ ዱብ ይላል፣ ከዚያ ይጮሃል» አለ። አለቃ የኋላውን ከፈተው። እግሩ የታሰረ ሙክት ቀና ብሎ አየው። «ይሄ የኔ ሥራ አይደለም» አለና ዘጋው።

ግን ደግሞ ቀልድ የማያውቁ ድምፆች አሉ። ጎማ ከተቀየረ በኋላ ስትታጠፍ «ኳ ኳ» የሚል ነገር ከጀመረ ቡሎኖቹ ላልተው ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሬዲዮ አይሸፍነውም፣ ቤት እስክደርስ አይባልም፣ ዳር ይዞ ቆሞ ማጥበቅ ነው። ሌላው ከጎማ ጋር ጭራሽ የማይገናኝ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ መንገዱ እየተጠማዘዘ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወስድሃል። የሞተር ዘይቷ የጎደለ መኪና እዚያ ጠመዝማዛ ላይ ስትጣደፍ ዘይቱ ወደ ጎን ይሸሻል፤ የዘይት ፓምፑ የሚምግበት አፍ አየር ያገኛል። ያኔ ከሞተሩ ላይ «ጢክ ጢክ ጢክ» ይሰማና ቀይዋ የዘይት መብራት ብልጭ ትላለች። ቀጥታው ላይ ስትወጣ ሁለቱም ይጠፋሉ። ነጂው «ተመስገን፣ ለቀቃት» ይላል። አልለቀቃትም። ዳር ይዞ፣ ሞተር አጥፍቶ፣ ሜዳ ላይ ዘይት ለክቶ የጎደለውን መሙላት ነው፤ ያን ያላደረገ የሚቀጥለውን መንገድ በጎታች መኪና ይጨርሰዋል።

ይህን ሁሉ ካወቀ በኋላም ሰው ዕቃ መግዛቱ አይቀርም፤ የሚገዛውም ሶማሌ ተራ ነው። እዚያ ያልፈረሰ መኪና የለም፣ የማይገኝ ዕቃም የለም። ሻጩ ያገለገለ ሲቪ ጆይንት ከክምሩ መሀል ጎትቶ ያወጣና በጨርቅ ወልወል አድርጎ «ኦርጅናል ነው ጋሼ፣ ከጃፓን የተነቀለ፣ ቀለሟን እንኳን አልለቀቀችም» ይላል። የአለቃ ረዳት አብሮህ ካለ ወሬውን አይሰማም። መጋጠሚያውን በሁለት እጁ ይዞ እስከ ጥግ ያጥፈዋል፣ ያዞረዋል፣ ይነቀንቀዋል። ሻጩም ዝም ይላል። እዚያ ግርግር መሀል፣ በግራና በቀኝ ብረት እየተቀጠቀጠ፣ አንዲት ቀጭታ ለመስማት ሁለት ሰዎች ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ቀጭ ካለ ወደ ክምሩ ይመለሳል። ሻጩም ቅር አይለውም፤ ብቻውን ለሚመጣ ሰው ያስቀምጠዋል።

በራስህ መመርመር ከፈለግህ የአለቃ ምክር አጭር ነው። ግንብ አጠገብ ያለ ባዶ ቦታ ፈልግ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርግ፤ ድምፁ ከግንቡ ተመልሶ ይነግርሃል። ቀስ እያልክ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ክብ ዙር። ነዳጅ እየሰጠህ ዙር፣ ነዳጅ ለቅቀህ ዙር። ፍሬን ነካ እያደረግህ ዙር። እያንዳንዱ ዙር አንድ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ጻፈው። ችግሩ የግንቡ ባለቤት ዘበኛ መኖሩ ነው። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ የሰው ግንብ ሥር ክብ እየሠራ የሚዞር ሰው ዘበኛን አያስደስትም።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ድምፅ።»

«የምን ድምፅ?»

«ስትታጠፍ ቀጭ የምትለውን።»

ዘበኛው ዱላውን ግንቡ ላይ ያስደግፋል። «እስቲ አንዴ ዙራት» ይላል። ትዞራለህ። ራሱን ይነቀንቃል። «ኩሽኔታ ነው» ይላል።

ይህ ዘመን ሊያልፍ ነው የሚሉ አሉ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪኖች እየተሞላ ነው። የሞተር ጉርምርምታ የለም፣ ካንዴላ የለም፣ ማርሚታ የለም። ነገር ግን ጎማ አላቸው፣ ኩሽኔታ አላቸው፣ ቴስቲና አላቸው፤ ከፊት የሚነዱትም ሲቪ ጆይንት አላቸው። ባትሪያቸው ከባድ ስለሆነም መታጠፊያ ላይ የሚተላለፈው ሸክም አይቀልም። የተለወጠው ነገር ቢኖር ገመናን የሚሸፍነው የሞተር ድምፅ መጥፋቱ ነው። በቤንዚን መኪና ውስጥ ዓመት ሙሉ ተደብቃ የምትኖር ቀጭታ በኤሌክትሪኳ ውስጥ በመጀመሪያው ቀን ትጋለጣለች።

የሚያስቀው ደግሞ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ዝምታውን አልቻሉትም። እግረኛ ሳይሰማ እንዳይገጭ ተብሎ በአውሮፓ ሕግ ወጥቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በዚያ የሚሸጥ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ሁሉ በዝግታ ሲሄድ በድምፅ ማጉያ ድምፅ ማሰማት አለበት። ሰው በስንት ልፋት ድምፅ የሌላት መኪና ሠርቶ ሲያበቃ ድምፅ ገዝቶ ገጠመላት።

አለቃ ጋ በቅርቡ አንዲት አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና መጣች፤ የወንበሯ ፕላስቲክ ገና አልተነሳም። ባለቤቱ ወጣት ነው፤ ፊቱ ጠቁሯል። «አለቃ፣ ገና አዲስ ናት፣ ቀስ ስል ዡዡዡ ትላለች» አለ።

አለቃ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። «ይሄ ከፋብሪካ የመጣ ነው፤ ሰው እንዳትገጭ የተገጠመልህ። በገንዘብህ የገዛኸው ድምፅ ነው» አለው።

ወጣቱ ፊቱ በራ። ቁልፉን አንስቶ ሊሄድ ሲል አለቃ መፋቂያውን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛወረና ጠየቀው።

«ስትታጠፍስ?»

«ስትታጠፍማ…» አለ ወጣቱ፤ ዙሪያውን አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስትታጠፍ ሬዲዮኑን ከፍ አደርገዋለሁ።»